ሳይነካ የሚወጣ ድርሻ

ሊወስዱኝ ሲመጡ ድርቆሽ እያገላበጥኩ ነበር። ሥራዬ እሱ ነው። እንጀራ ሻጮች ሳይሸጡት ያደረውን እንጀራ እቀበላለሁ፤ ሳይሻግት ቆራርጬ ሸራ ላይ አሰጣለሁ፤ ሲደርቅ ለመንገደኛና ለተማሪ እሸጣለሁ። ከጎኔ ምን አለሽ ተራ ቆርቆሮ ይቀጠቅጣል፣ እኔ እንጀራ አደርቃለሁ። ሥራችን አንድ ነው፤ ሌላው የጣለውን እናነሳለን።

የመጡት ሁለት ፖሊሶች ናቸው። ጎልማሳው ኮፍያውን አውልቆ፣

«እማማ፣ ለጥያቄ ይፈለጋሉ። አምስት ደቂቃ ነው» አለኝ።

«ድርቆሹን ሳላነሳ አልሄድም። ሰማዩን አታየውም?»

ቀና ብሎ አየ። ደመናው ከብዷል። ጎንበስ አለና የሸራውን አንድ ጫፍ ያዘልኝ። እኔ ሌላውን ያዝኩ። ድርቆሹን ማዳበሪያ ውስጥ ገለበጥነው፣ አፉን አሰርኩት፣ ለጎረቤቴ አደራ አልኩና ተከተልኳቸው። አምስቱ ደቂቃ አሥራ ዘጠኝ ቀን ሆነ።

ጥፋቴ ይህ ነው። ከዚያ ሁለት ቀን በፊት ወረዳው ስብሰባ ጠርቶን ነበር። የገበያ ተራችን እንደሚነሳ፣ ለሚገባቸው ሰዎች ምትክ ቦታ እንደሚሰጥ፣ የስም ዝርዝሩም እንዳለቀ ነገሩን። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ስም ማንበብ ግን አያቅተኝም። በሩ ላይ የለጠፉትን ወረቀት ስገባ አንብቤዋለሁ። እጄን አውጥቼ ተነሳሁ።

«እዚህ ወረቀት ላይ አንድም ቀን ተራው ላይ ቁጭ ብለው ያላየናቸው ሰዎች አሉ። ሃያ ዓመት ፀሐይ የመታቸው፣ ባል የሞተባቸው ሰባት ሴቶች ግን የሉም። ለምን?»

ሰው አጨበጨበ። ጣቢያ ስደርስ ያ ጭብጨባ «ሕዝብ ማነሳሳት» የሚል ስም ወጥቶለት ጠበቀኝ።

ክፍሉ ውስጥ ስገባ መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው ባልዲው ላይ ነው። ሌላው ሰው መጀመሪያ የሚያየው የብረት በሩን ይሆናል፣ ወይም ከጣሪያው ሥር ያለችውን ጠባብ መስኮት። እኔ ያየሁት በሩ ሥር የተቀመጠውን ሰማያዊ ባልዲ ነው። እስከ አፉ እንጀራ ሞልቶታል። ከላይ ያለው ጥቅል እንዳለ ነው፣ ጫፉ እንኳ አልተቆረሰም። በላዩ ላይ ምስር ወጥ ተደፍቶበታል። እርጥብ ብርድ ልብስ፣ ሳሙናና የኮመጠጠ ወጥ አንድ ላይ ይሸታል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩ፣ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ።

«ትራፊ ነዋ፣ እማማ» አለች አንዷ። «አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ይወጣል። ካደረ አይጥ ይጠራል።»

አሥራ ሁለት ሴቶች ነበርን፣ ከእኔ ጋር። ሁላችንም የገባነው በአፋችን ነው፤ አንዷ ሰልፍ ላይ ጮኻ፣ አንዷ ታክሲ ውስጥ ተናግራ። የምንበላው ቤተሰብ የሚያመጣልንን ነው። ስድስት ሰዓት ላይ በሩ ላይ ይሰለፋሉ፤ ፖሊሶቹ ከየሳህኑ ያስቀምሷቸዋል፤ ከዚያ ምግቡ ይገባል። ችግሩ ምግቡ የሚገባው በእኛ ቁጥር አለመሆኑ ነው። ቤተሰብ የታሰረበት ሰው ጭንቀቱን የሚያወጣው በሳህን ነው። ለአንዷ ለአራት ሰው የሚበቃ ይመጣላታል፣ ለሌላዋ ምንም።

ብዙ የሚመጣላት ካቦዋ ነበረች። ካቦ ማለት ራሷ እስረኛ ሆና ክፍሉን የምታስተዳድር ናት፤ መኝታ ታድላለች፣ ጠብ ትዳኛለች። አብነት አካባቢ ቅቤ የምትነግድ፣ ድምፅዋ ከሰውነቷ የሚገዝፍ ሴት። ሦስት ልጆች አሏት፣ ሦስቱም በየፊናቸው ይልካሉ፣ አንዷ ከሌላዋ እንዳታንስ። ከሦስቱ ሳህን ሁለቱ ሁልጊዜ ባልዲ ይገባል።

ምንም የማይመጣላት ደግሞ ከበሩ አጠገብ፣ ግድግዳ ተደግፋ የምትቀመጥ ልጅ ነበረች። ሃያ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው። ሶማሌ ተራ ጨርቅ ቤት ተቀጥራ ትሠራ ነበር። ስልኳ ላይ በጻፈችው ነገር ነው የያዟት። እናቷ ሞታለች፣ ሌላ ዘመድ የላትም። ሻርፗን አጥብቃ ታስራለች፣ አትናገርም። ጠዋት ጣቢያው የሚሰጠውን ዳቦና ሻይ ትወስዳለች፤ ከዚያ እስከ ማግስቱ ጠዋት ምንም። ምግብ ሲከፈት ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። ስምንት ቀን ሆኗታል አሉኝ።

ባልዲውን አየሁ፣ ልጅቷን አየሁ። በመካከላቸው ሦስት እርምጃ የለም።

በማግስቱ፣ ማክሰኞ ነው፣ ሥራ ጀመርኩ። የሁሉንም ሳህን እየዞርኩ የተረፈውን ሰበሰብኩ። ካቦዋ ከፍራሿ ላይ ሆና ታየኛለች።

«እማማ፣ እዚህ ክፍል ሕግ አለ እኮ!»

«ማን ያወጣው?»

«እኔ።»

«እንግዲያው ለመለወጥ ሩቅ አትሄጂም።»

ሴቶቹ ሳቁ። እሷም ሳታስበው ሳቀች።

አንድ ትልቅ ጎድጓዳ ሳህን ነበረን። እንጀራውን ቆራረስኩ፣ ሽሮውን ጨመርኩ፣ ምስሩን ጨመርኩ፣ ከካቦዋ ሳህን የተረፈውን መረቅ ገለበጥኩበት። በእጄ አዋሃድኩት። መልኩ የሚያምር ፍትፍት ወጣው። አንስቼ መጀመሪያ ለልጅቷ አቀረብኩላት። ቀና ብላ አየችኝ፣ ሳህኑን አየችው።

«እማማ፣ ሥጋ ነክቶታል» አለች ቀስ ብላ።

እንዲህ ያለ እፍረት ከተሰማኝ ብዙ ዓመቴ ነው። አርባ ዓመት ከሙስሊም ጎረቤት ጋር በአንድ ግድግዳ ኖሬያለሁ። ልጄን ስድር የእነሱን በግ በእነሱ ሰው አሳርጄ፣ ድስቱን ለብቻ አሠርቼ፣ ዳሱን ለብቻ አስጥያለሁ። መርካቶ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። እኔ ግን እንጀራ ለማዳን ስጣደፍ የአንዷን መረቅ በሁሉም ምግብ ላይ አፈሰስኩት። ሌሎች ሁለት ሙስሊም ሴቶችም ነበሩ፣ እነሱም አልነኩትም። የቀረነው ጠግበናል። ያን ቀን ባልዲውን የሞላሁት እኔ ነኝ።

ረቡዕ ተጠነቀቅሁ። ቀኑ ረዳኝ፤ የክርስቲያኖቹ ቤተሰቦች ሁሉ የጾም ይዘው መጡ፣ ሽሮ፣ ክክ፣ ያለቅቤ የተሠራ ጎመን። ይህን ሁሉም ይበላል፣ የማንም እምነት አይከለክለውም። ጎድጓዳውን ሳህን በሳሙና ሦስት ጊዜ አጠብኩት። «ከዛሬ ጀምሮ ይህ ሳህን የጾም ብቻ ነው፣ በፍስክ ቀንም ቢሆን» አልኩ። ሁሉም በልተው ሲያበቁ የተረፈውን ሰበሰብኩ፣ ፈተፈትኩ፣ ወሰድኩላት።

«አልራበኝም፣ እማማ። አላህ ይስጥልኝ።»

«ሥጋ የለበትም። በዓይንሽ አይተሻል።»

«አውቃለሁ። አልራበኝም።»

ሐሙስ ጠዋት ቧንቧው ጋ ተራ ስንጠብቅ ልጅቷ ወደቀች። ሳትጮህ ነው የወደቀችው፣ ልብስ ከማስጫ እንደሚንሸራተት። ተሸክመን ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ አስቀመጥናት። የእኔን ዳቦ ከሻይዋ ጋር ሰጠኋት። ዳቦው ከጣቢያው ስለመጣና ማንም ስላልነካው ወሰደችው። ሌሎቹ ወደ ቧንቧው ተመለሱ፣ እኔ አጠገቧ ቀረሁ።

«ምንድን ነው ነገሩ? በእኔ ተቀይመሽ ነው?»

«አይደለም።»

«ልትሞቺ ነው እንዴ ሐሳብሽ?»

እግሯን እያየች ነገረችኝ። ያደገችው እዚሁ መርካቶ ነው። እናቷ ከሆቴል የኋላ በር ቡሌ ትገዛ ነበር፤ ሰው በልቶ የተወውን፣ ሥጋው፣ ሩዙ፣ ዳቦው አንድ ላይ የተገለበጠበትን። ከእሱ ነው ያደጉት።

«የሰው ጥርስ ያረፈበት ዳቦ በልቻለሁ» አለች። «አንድ ቀን ስጎርስ የጥርስ እንጨት ምላሴን ወጋኝ። ሰው የተጠቀመበት። እናቴ አፌን በውኃ ስታጥብ ታለቅስ ነበር። ያን ቀን ማልኩ። ከሰው የተረፈ ሁለተኛ አፌ አይገባም ብዬ። ሥራ ከያዝኩ ጀምሮ ትንሽ ብትሆንም የራሴን ነው የምበላው።»

«እኔ ግን ንጹሕ አድርጌ...»

«አውቃለሁ፣ እማማ። እርስዎ ደግ ነዎት። ግን በልተው ከጨረሱ በኋላ ነው የሚመጡት። ሁሉም አፉን ጠርጎ እኔን ሲያየኝ ነው።»

ልቆጣት ነበር። ረሃብ መሐላ አያውቅም ልላት ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ሳስበው ተናደድኩ፣ በእሷ ሳይሆን በራሴ። በስብሰባው ላይ እኔ የጮህኩት ስለ ምን ነበር? ድሃ ስለሆንን ስጡን አላልኩም። ቦታው ይገባናል ነው ያልኩት። ለመንግሥት ሰው የተናገርኩትን ለዚህች ልጅ አላደረግሁላትም። በልተን ስንጠግብ የቀረውን ይዤላት ሄድኩ፤ እሱንም ደግነት አልኩት።

ያን ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ምግቡ ሲገባ፣ ማንም ፌስታሉን ሳይፈታ ጎድጓዳውን ሳህን ይዤ መሀል ቆምኩ።

«ዛሬ ከመብላታችን በፊት ነው የምናወጣው። ያላት ሁሉ፣ ከተበላበት ሳይሆን ካልተነካው። ትራፊ አልሰበስብም።»

«ጭራሽ!» አለች ካቦዋ። «ልጆቼ ለእኔ የላኩትን? ገና ሳልቀምሰው?»

«ማታ ለባልዲ የምትሰጪውን ቀን ለሰው ስጪ ነው ያልኩሽ።»

«ሲተርፈኝ አልሰጥም አልኩ እንዴ?»

«ሲተርፍሽ መስጠትማ ባልዲውም ያውቃል፣ አፉን ከፍቶ ይቀበልሻል።»

ካቦዋ ፊቷ ቀላ። ከዚህ በኋላ የምታደርገው ነገር ለእኔም ለእሷም ከባድ ነበር፤ ክፍሉ የሷ ነው፣ ብትፈልግ የመኝታ ቦታዬን ሽንት ቤቱ በር ላይ ማድረግ ትችላለች። መጀመሪያ የተነሳችው ግን እሷ አልነበረችም። አንድ ሽሮ ብቻ የሚመጣላት፣ ከሁላችን ያነሰ ያላት ሴት ናት። ክዳኑን ከፈተች፣ ግማሹን አፈሰሰች፣ ተመልሳ ተቀመጠች። ቀጥሎ ሌላዋ። ቀጥሎ ሌላዋ። ካቦዋ አየቻቸው። ከሦስቱ ሳህን አንዱን አንስታ እንዳለ ሰጠችኝ።

«ይሄ የትንሿ ልጄ ነው» አለች። «ያለቅቤ ነው፤ ያለቅቤማ አሠራሯን አላህም እግዜርም ይቅር ይበላት!»

በሳቁ መሀል ልጅቷን ጠራኋት። «ነይ፣ ድርሻሽ ነው። ገና ማንም አልበላም።»

ተነሳች። ግን ሳህኑን አልተቀበለችም።

«እኔ ምን አዋጣለሁ?» አለች።

«ወሬ አዋጪ!» አለች ካቦዋ። «አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ከግድግዳ ጋር ስታወሪ ከረምሽ፤ አንድ ቃል ብትሰጪን ይበቃናል።»

ልጅቷ ክፍሉን ዞር ብላ አየች። ግድግዳው ላይ የተንጠለጠሉትን ፌስታሎች ነው የምታየው። በየፌስታሉ ሥር ማንም የማይፈልገው ነገር ተከማችቷል፤ የላላ ቲማቲም፣ ከወጥ ጋር የመጣ ቃሪያ፣ ግማሽ ሎሚ፣ በወረቀት የተቋጠረ ጨው፣ ቀይ ሽንኩርት። «ያንን የሚፈልገው አለ?» ብላ ጠየቀች። የለም አሉ። እጇን እስከ ክርኗ ታጠበች። ቢላ አይፈቀድም። ቲማቲሙን በጣቷ ጨፍልቃ ልጣጩን አወጣች፣ ቃሪያውን በጥፍሯ ሰነጠቀች፣ ፍሬውን አራገፈች፣ ሽንኩርቱን ንጣፍ በንጣፍ ቀድዳ በጨው አሸችው። ከምስሩ ወጥ ላይ የተንሳፈፈውን ዘይት አንጠፈጠፈች። ሎሚውን ጨመቀች።

እኔ ደግሞ ከማክሰኞ ጀምሮ እንጀራ እያደረቅሁ ነበር። ያቺ ጠባብ መስኮት ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት አንድ ጋቢ የምታህል ፀሐይ ወለሉ ላይ ትጥላለች። እሷን እየተከተልኩ ሳይነካ የቀረውን ጥቅል በነጠላዬ ላይ አሰጣለሁ። ፀሐይዋ ስትሄድ ነጠላውን እጎትታለሁ። ያንን ድርቆሽ ሰጠኋት። ዕፍኝ ዕፍኝ እያደረገች ጨመረችው። ሲርስ የሚያሰማው ድምፅ አለ፣ እንደ ቀላል ዝናብ። አሥራ ሁለታችንም ዝም ብለን ሰማነው።

ከዚያ ክብ ሠርተን ተቀመጥን። ሎሚው አፍ ውስጥ ይናከሳል፣ ቃሪያው ዓይን ያስለቅሳል። ካቦዋ ሁለተኛ ጉርሻዋን ሳትውጥ፣

«ወይኔ ልጆቼ! ይቺን ቀጥሬ እናንተን ማባረር ነበረብኝ» አለች።

ልጅቷ በላች። አልቸኮለችም። እንደ ማንኛውም ሰው እየጎረሰች፣ መሀል ላይ እያቆመች፣ «ጨው አነሰው መሰለኝ» እያለች።

ባልዲው ከዚያ በኋላ ለእጅ መታጠቢያ ሆነ።

አርብ አንድ ነገር ሆነ። ተረኛዋ ፖሊስ ሴት ናት፤ ባለፈች ቁጥር «ሆቴል ከፈታችሁ እንዴ?» እያለች የምታሾፍብን። የምትቀይራት ጓደኛዋ ቀርታባት ከጠዋት ጀምሮ ብቻዋን ቆማለች። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን በሩን ተደግፋ ዓይኗን ጨፍናለች። ልጅቷ ቀን ስትቀላቅል፣ አዲስ ሰው ቢገባ ብላ፣ ማንም ሳይጀምር በአንድ ክዳን ላይ ድርሻ አስቀምጣ ነበር። አንስታ ወደ በሩ ሄደች።

«እህቴ፣ እንቺ። ትራፊ አይደለም፣ ሳንጀምር ያወጣሁት ነው።»

ፖሊሷ ነቃች። ግራና ቀኝ አየች።

«ከእስረኛ መቀበል ክልክል ነው።»

«ቅመሺው ነው ያልኩሽ። ምግብ ሲገባ ታስቀምሱ የለ? ይሄ ሲወጣ ነው።»

ሳቋ አመለጣት። ክዳኑን በብረቱ መሀል ተቀብላ ጀርባዋን ሰጥታን በላች። ስትጨርስ ክዳኑን ቧንቧው ጋ ወስዳ አጥባ መለሰችው። ከዚያ በኋላ ወዳጃችን ሆነች ማለት አልችልም። ማታ እንደ ወትሮው በጩኸት ቆጠረችን። ግን «ሆቴል» ማለቱን ተወች።

ልጅቷ ተመልሳ ስትቀመጥ አየኋት። ግድግዳውን ሳይሆን እኛን ፊት ለፊት አድርጋ ነው የተቀመጠችው።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን «ይሂዱ፣ እማማ» አሉኝ። «ሕዝብ ማነሳሳቱ» ምን እንደደረሰ ማንም አልነገረኝም። ልጅቷ ከእኔ ሁለት ሳምንት ዘግይታ ወጣች። አሁን ሌላ ሱቅ ትሠራለች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች፣ ስትመጣ ባዶ እጇን አትመጣም፤ ይህን ለማስተው ሞክሬ አልቻልኩም። የምትክ ቦታው ዝርዝር እንደገና ተለጥፏል። ከሰባቱ ሴቶች የሁለቱ ስም ገብቷል። ለቀሩት አምስቱ ወረዳው ጽሕፈት ቤት እየሄድኩ እጠይቃለሁ። ሲያዩኝ ወንበር ያቀርቡልኛል፤ እኔ ግን ቆሜ ነው የምጠይቀው።

ዛሬም ምግብ መጣል አልችልም። ልጆቼ ይስቁብኛል፤ የደረቀ ዳቦ፣ የላላ ካሮት፣ የድስት ሥር ሩዝ፣ ሁሉንም አንድ ነገር አደርገዋለሁ። የተረፈውን ግን እኔና የልጅ ልጆቼ ነን የምንበላው። ደጄ ለሚመጣ ሰው ድስቱ ገና እሳት ላይ እያለ፣ ለቤቱ ሳላወጣ፣ መጀመሪያ እጨልፍለታለሁ።

አንዳንድ ጊዜ ግን የድሮው ትዝ ይለኛል። ስንት ዓመት ሙሉ ሰው በሬን ሲያንኳኳ በልተን የተውነውን ጠራርጌ ሰጥቻለሁ። ሁሉም ተቀብለው መርቀውኝ ሄደዋል። እኔም በምርቃቱ ደስ ብሎኝ በሬን ዘግቻለሁ። ከበሩ ማዶ የት ተቀምጠው እንደበሉት፣ መብላታቸውንም እንኳ፣ አንድም ቀን ወጥቼ አላየሁም።